ክዳኑ አይከፈትም

ስለ አማት ሲነሳ ሰው ወይ ያማል ወይ ይዋሻል። እኔ መዋሸት ስለማይሆንልኝ ላማ ነው።

አማቴ ሃያ ዓመት ሙሉ የእኔን ነገር ወደውልኝ አያውቁም። ሩዝ ከሠራሁ ጠንክሯል፣ ሻይ ካፈላሁ ቀጥኗል፣ መጋረጃ ከሰቀልኩ ተንጋዷል። ይሁን፣ ሩዙም መጋረጃውም ይቅር። እኔን የሚያንገበግበኝ የጭማቂው ነገር ነው፤ መተዳደሪያዬ ነዋ። በገበያው መግቢያ ላይ አንዲት ጠባብ ጭማቂ ቤት አለችኝ፤ አንድ መፍጫ፣ አንድ አሮጌ ፍሪጅና አንድ ሰማያዊ አይስ ቦክስ። የእኔን ማንጎ ፍለጋ ከሌላ ሰፈር በእግሩ የሚመጣ ሰው አለ። አማቴ ግን አንዴ ይጎነጩና ከንፈራቸውን በመሐረብ ጠረግ አድርገው፣ «ስኳር በዝቷል» ይላሉ።

በሁለተኛው ዓመት ደሜ ፈላና ስኳሩን እርግፍ አድርጌ ተውኩት። ከዚያ ወዲህ ለእሳቸው የማዘጋጀውን ማንጎ አንዲት ፍሬ ስኳር ነክታው አታውቅም። ምን ዋጋ አለው! ይጎነጫሉ፣ ይጠርጋሉ፣ «ስኳር በዝቷል»። ብርጭቆውን ግን ባዶ አድርገው ነው የሚመልሱልኝ። ስኳር እንደሌለበት ነግሬያቸው አላውቅም። ለምን እንደሆነ እንጃ፤ ሆድ ይፍጀው ብዬ ይሆናል።

እንግዲህ እኚህ ሴትዮ ጉሮሯቸው ውስጥ ዕጢ በቅሎ፣ የስድስት ሰዓት መንገድ ርቆ ባለ ትልቅ ሆስፒታል ቀዶ ሕክምና ተደረገላቸው። የባሌ እህት አብራቸው ሄዳ ታስታምማለች። ባሌ ቀለም ቀቢ ነው፤ በዚያው ሰሞን ከመሰላል ወድቆ እግሩ በጀሶ ስለታሰረ ቤት ዋለ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ብርጭቆ እያጠብኩ ስልኬ ጮኸ። የባሌ እህት ናት፤ ድምፅዋ አልቋል።

«እማዬ አሥር ቀኗ ነው በአፏ አንድ ነገር ካልገባ» አለችኝ። «በአፍንጫዋ ያስገቡላትን ቱቦ ሁለቴ በገዛ እጇ ነቅላ ጣለችው። ዛሬ ሐኪሙ ቁርጡን ነገረኝ። ነገ ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ሊያያት ሲመጣ አንድ ብርጭቆ በአፏ ካልዋጠች፣ በነጋታው ሆዷን ቀዶ ቱቦ ሊያስገባ ነው።»

«እና ይቅደዋ! ቱቦው ያድናቸዋል አይደል?»

«ልቧ ደካማ ነዋ። ከመጀመሪያው ማደንዘዣ ለጥቂት ነው የነቃችው። ሁለተኛውን የምትችል አይመስለኝም ብሎኛል።»

እጄ ላይ የነበረውን ብርጭቆ አስቀመጥኩ። «ምን ይሰጣቸው ይላል?»

«ወፍራምና ቀዝቃዛ ነገር። ትኩስ ነገር ቁስሉን ያቃጥላታል፣ ቀጭኑ ደግሞ ትን ይላታል። እዚህ አካባቢ ካለው ጭማቂ ቤት ሁሉ ገዝቼ አመጣሁላት፤ አፏን ግጥም! ዛሬ ግን ወረቀት አምጪ ብላ በእጇ ጠቆመችኝና ጻፈች።»

«ምን ብለው?»

«‹የምራቴን ማንጎ። ቀዝቃዛ።›»

የጠርሙስ ሣጥን ላይ ዘጭ ብዬ ተቀመጥኩ። ደስ ይበለኝ ልናደድ ግራ ገባኝ። ሃያ ዓመት ሙሉ ያላመሰገኑትን ነገር ዛሬ አፋቸው ሲዘጋ! ቀጥሎ ደግሞ እኚያ አንደበተ ስለታም ሴትዮ እርሳስ ይዘው ‹የምራቴን› ብለው ሲጽፉ ታየኝ።

«ነገ ከአሥራ ሁለት ሰዓት በፊት እደርሳለሁ» አልኳት። «በረዶ ሆኖ ይደርሳል። ንገሪያቸው።»

አሁን ስለ አይስ ቦክስ ላስረዳ፤ ብዙ ሰው አያውቅበትም። አይስ ቦክስ ብርድ አይሠራም። የሰጡትን ነው የሚጠብቀው፤ ብርድ ከሰጡት ብርድ፣ ሙቀት ከሰጡት ሙቀት። ስለዚህ ሣጥኑን ራሱን ማታውኑ በረዶ ሞልቼ አበርደዋለሁ። ጠዋት ያንን እደፋና ውሃ ሞልቼ ቤት ባለው ፍሪዘር ውስጥ ድንጋይ እስኪሆኑ ያቆየኋቸውን የፕላስቲክ ጠርሙሶች አስገባለሁ። የዚያን ቀን ስድስት ነበሩ፤ ሁለቱ ከታች፣ አራቱ ከላይ። መሃል ላይ ሦስት ጠርሙስ ማንጎ። ክፍተቱን ሁሉ ጨርቅ እጠቀጥቅበታለሁ፤ ባዶ ቦታ ካለ ብርዱ ይበላል። ከዚያ በገመድ ጥፍር። የታሰረ ክዳን ደግሞ እስኪደርስ አይከፈትም። ስንቱን ደንበኛ «እስቲ ቀዝቅዞ እንደሆነ ልየው» ብሎ እጁን ሲሰድ በምላሴ ገርፌ መልሼዋለሁ። አያችሁ፣ ቀዝቅዟል ወይ እያሉ ሲያዩት ነው የሚሞቀው።

ይህን ሁሉ ጎህ ሲቀድ ጨርሼ ልብሴን ልቀይር ገባሁ። ስወጣ ባሌ ምርኩዙን ተደግፎ ከሣጥኑ አጠገብ ቆሟል፤ ፊቱ ላይ አንድ የማላውቀው ፈገግታ አለ። ባሌን የሰፈሩ ሰው «አቶ እሺ» ነው የሚለው። ሃምሳ ዓመት ኖሮ እምቢ የምትለው ቃል ከአፉ ወጥታ አታውቅም። ደግ ነው፤ ደግነቱ ግን አንዳንዴ ያሳብዳል። ሣጥኑን ሳነሳ ቋጠሮው የእኔ አልመሰለኝም። አጥብቆልኝ ይሆናል አልኩና ይዤ ሮጥኩ። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች የሚባለው ለእኔ ነው።

አውቶቡሱ ሁለት ሰዓት ላይ ሊነሳ ሲል ረዳቱ ሣጥኔን ነጥቆ ጣሪያ ላይ ሊወረውር ሞከረ።

«እጅህን አንሳ!»

«እናቴ፣ ዕቃ ጣሪያ ላይ ነው የሚጫነው።»

«ጣሪያው ላይ ፀሐይ ነው ያለው። ወይ ከነሣጥኔ እገባለሁ ወይ አንተ ጣሪያ ላይ ትወጣለህ።»

ገባሁ። ሣጥኑን ፀሐይ በማያገኘው በኩል መተላለፊያው ላይ አስቀመጥኩና እላዩ ላይ ቁጭ አልኩበት። ወንበሬን አንድ ከዘራ ለያዙ ሽማግሌ ለቀቅኩላቸው፤ ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። እኚህ ሰው እኔንና ሣጥኑን አየት አደረጉና፣ «ልጄ፣ ዕንቁላል እንደታቀፈች ዶሮ ተደላደልሽ እኮ» አሉኝ።

«ጋሼ፣ ይሄ ዕንቁላል ከሞቀ አይፈለፈልም» አልኳቸው። ሳቁ። በሌላኛው ጎኔ አንዲት ጨርቅ ነጋዴ ጥቅሎቿን እስከ አገጯ ቆልላ ተቀምጣለች።

እስከ ስድስት ሰዓት በሰላም ሄድን። ከዚያ ዛፍ የሚባል ነገር በሌለበት ሜዳ መሃል ከፊት በኩል ቧ! የሚል ድምፅ ተሰማና መስታወቱ በእንፋሎት ተሸፈነ። ወደ ራዲያተሩ ውሃ የሚያስተላልፈው ጎማ ፈንድቷል። ሾፌሩ የተቀደደውን በላስቲክ ጠቅልሎ አሰረና፣ «ውሃ ያላችሁ አምጡ» አለ። ያለንን ሁሉ ሰጠን፤ የሚጠጣውን ሁሉ። ሞተሩ ሲነሳ ላስቲኩ ብን ብሎ ወጣ፣ የሃያ ምናምን ሰው ውሃ አስፋልቱ ላይ ፈሰሰ። ጉድ ፈላ!

«አሁን የሚያልፍ መኪና ጠብቀን የውሃ ጎማ መለመን ነው» አለ ሾፌሩ እጁን እየጠረገ። «አይዟችሁ፣ ቀስ በቀስ ዕንቁላል በእግሩ ይሄዳል።»

«ዕንቁላሉ ቆሞ እስኪሄድ የእኔ ጭማቂ ይፈላል!» አልኩት። ምነው አፌን በቆረጠው! አውቶቡሱ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ጭማቂ የሚለውን ቃል ሰማ።

ስምንት ሰዓት ሲሆን ሙቀቱ ቆርቆሮውን ያንጣጣው ጀመር። መጀመሪያ የተናገረችው ጨርቅ ነጋዴዋ ናት። «የተቀመጥሽበት ሣጥን ውስጥ ቀዝቃዛ ነገር አለ አይደል?»

«ለበሽተኛ ነው።»

«እኛስ እስክንታመም ነው የምትጠብቂው?»

ሰዉ ሳቀ፤ የሚያስቅ ሳቅ ግን አልነበረም። ረዳቱ ቀጠለ፣ «ጠዋትም ሣጥኑን አላስነካም ብላኝ ነበር።» አንዱ ከኋላ፣ «ሰው አፉ ደርቆ እሷ በበረዶ ላይ ተንፈላስሳለች» አለ። ሌላዋ፣ «ምን ዓይነት አንጀት ነው?» አለች።

ይህ ነገር እንዴት እንደሚያም የሚያውቅ ያውቀዋል። እኔ ሰው አጠገቤ ተቀምጦ ብቻዬን ውሃ ጠጥቼ የማላውቅ ሴት ነኝ። ቤቴ የመጣ ሰው ሳይቀምስ አይወጣም፤ ሱቄ በር ላይ የደከመው ሰው ካየሁ ጠርቼ ነው የማጠጣው። አሁን ሃያ ምናምን ሰው ስስታም እያለኝ አፌን ዘግቼ ተቀምጫለሁ። ግን ሦስት ጠርሙስ ናት! አንድ አንድ ጉንጭ ቢደርሳቸው ያልቃል፤ አማቴም ያልቃሉ። ደግሞ ክዳኑን በከፈትኩት ቁጥር ብርዱ ይወጣል።

ቆምኩና ለሁሉም ነገርኳቸው። ጉሮሮውን፣ ቱቦውን፣ ልባቸውን፣ አሥራ ሁለት ሰዓትን። «ስደቡኝ» አልኳቸው። «ስስታም በሉኝ፣ ልቧ ድንጋይ ነው በሉኝ። ይሄ ክዳን ግን አይከፈትም!» ተመልሼ ቁጭ አልኩ። ጨርቅ ነጋዴዋ፣ «ሁሉም የራሱን በሽተኛ ይጠራል» ብላ ፊቷን አዞረች።

ጥቂት ቆይቶ የሽማግሌው ከዘራ መሬት ላይ ወድቆ ሲንከባለል ሰማሁ። ዞር ስል አንገታቸው ወደ መስኮቱ ዘንበል ብሏል። «ጋሼ!» አልኳቸው። መልስ የለም። ፊታቸውን ነካሁት፤ ይፋጃል፣ ላብ እንኳ የለውም። ሰዉ ተንጫጫ። ማንም ግን ሣጥኑን ክፈቺ አላለኝም። ሁሉም እኔን ብቻ ማየት ሆነ ሥራቸው።

በአንድ በኩል የማላውቃቸው ሽማግሌ፣ በሌላ በኩል የማውቃቸው፣ በጣም የማውቃቸው አማቴ። አንድ በረዶ፣ አልኩ ለራሴ። አንድ ብቻ። እከፍታለሁ፣ እመዝዛለሁ፣ እዘጋለሁ። ገመዱን ፈታሁና ክዳኑን ብድግ አደረግሁት።

ፊቴን የመታኝ ብርድ አልነበረም። ሽታ ነበር። የሾርባ ሽታ!

ዓይኔን ማመን አቃተኝ። እኔ አራት በረዶ ካስቀመጥኩበት ከላይ፣ ሁለት ብቻ ቀርተው በመሃላቸው በፎጣ የተጠቀለለ ክዳን ያለው ድስት ተቀምጧል። ነካሁት፤ ከስድስት ሰዓት በላይ ቆይቶ እንኳ ለብ ያለ ነው። ጎንና ጎኑ ያሉት ሁለት በረዶዎች ሙሉ በሙሉ ውሃ ሆነዋል። ከታች ካሉት ሁለቱ አንዱ እየቀለጠ ተጋምሷል። አንዱ ብቻ እንደ ጠነከረ ነው። ማንጎው ገና ቀዝቃዛ ነበር፤ ግን እስከ መቼ?

ድስቱን መንጭቄ አወጣሁ፣ የተጋመሰውን በረዶ ለረዳቱ ወረወርኩለት። «ማጅራታቸው ላይ! ከዚያ ብብታቸው ሥር!» ውሃ የሆኑትን ሁለቱን ጠርሙሶች አወጣሁና ክዳኑን ደፋሁት። ከዚያ ስልኬን አነሳሁ።

«አንተ! ሣጥኑን ከፍተኸዋል?»

ባሌ ምርኩዙን መሬት ላይ ሲያንኳኳ ተሰማኝ።

«ልብስ ሰፊዋ ጎረቤታችን ናታ» አለ በመጨረሻ። «አንቺ ልብስ ስትቀይሪ መጣች። ለእማማ ብላ ከሌሊት ጀምሮ ስትቀቅለው የነበረ ሾርባ ነው። እንዴት ብዬ እምቢ ልበላት?»

«በእጄ አትሰጠኝም ነበር?»

«ትጮሂ ነበራ።»

«አሁንስ የማንሾካሹክ መሰለህ?»

«እንዳይበላሽ ብዬ ነው ቀዝቃዛው ውስጥ የከተትኩት።»

«የፈላ ሾርባ! በረዶ መሃል! የገዛ እናትህን በሾርባ ልትገድላቸው! በረዶዎቼንስ የት አደረስካቸው?»

«አልባከኑም» አለ፣ ድምፁ ውስጥ ኩራት ቢጤ እየተሰማ። «ሁለቱንም ፍሪዘር ውስጥ መልሻቸዋለሁ።»

አውቶቡሱ በሙሉ ያዳምጥ ነበር። አንድ ሰው ሳቁን መቆጣጠር አቅቶት ፈነዳ፣ ከዚያ ሌላው፣ ከዚያ ሁሉም። እኔ ግን እንባዬ መጣ። «አሁን ምን ላድርግ?» አለ ባሌ። እሱም ገብቶታል፤ ድምፁ ተሰበረ።

«ጸልይ» አልኩት። «ቢያንስ አሁን እሺ በለኝ።»

ስልኩን ዘግቼ ስዞር ሽማግሌው ዓይናቸውን ገልጠዋል። ጨርቅ ነጋዴዋ ራሳቸውን ጭኗ ላይ አስተኝታ ቀዝቃዛውን ጠርሙስ ማጅራታቸው ላይ ይዛለች። የቀለጠውን ውሃ በክዳን እየለካች ከንፈራቸው ላይ ታንጠባጥባለች። እሳቸው እኔ ቆሜ ሲያዩኝ፣ «ዶሮዋ ተነሳች እንዴ?» አሉ በደከመ ድምፅ።

«ሳይደግስ አይጣላም» አለች ጨርቅ ነጋዴዋ ቀና ብላ እያየችኝ። «እኚህ ሰውዬ ባይወድቁ ኖሮ ለአማትሽ ለብ ያለ ማንጎ ይዘሽ ትደርሺ ነበር። እኔ ደግሞ የሰደብኩሽ ሳያንስ...» አልጨረሰችውም። «ምን እናድርግ? ንገሪን።»

ያን ጊዜ ተስፋ መቁረጥ ትቼ ማሰብ ጀመርኩ። ከቀለጡት ሁለት ጠርሙሶች የተረፈውን ውሃ ለተሳፋሪው ሰጠሁ፣ አንድ አንድ ጉንጭ ተዳረሰ። ሾርባውን ለሽማግሌውና ለአንዲት ነፍሰ ጡር ሰጠን፤ ልብስ ሰፊዋ የቀቀለችው ለበሽተኛ ነውና ያለ ቦታው አልዋለም። «አሁን የቀረኝ አንድ በረዶ ነው» አልኳቸው። «ድስቱ የነበረበት ቦታ ባዶ ሆኗል፤ መሞላት አለበት። ከውጭ ደግሞ መጠቅለል አለበት።»

ጨርቅ ነጋዴዋ ቃሌን እንኳ አላስጨረሰችኝም፤ ጥቅሏን ፈታችው። ረዳቱ ግን፣ «ኧረ ጨርቅ ካለበሳችሁት እኮ ይሞቃል!» ብሎ ጮኸ።

«ጨርቅ ሙቀት ይሠራል እንዴ?» አልኩት። «አንተን ብርድ ልብስ የሚያሞቅህ ሙቀቱ ያንተ ስለሆነ ነው። በረዶ ብታለብሰው በረዶውን ነው የሚጠብቀው።»

«እውነቷን ነው» አሉ ሽማግሌው ከተኙበት። «ሠላሳ ዓመት አስተምሬዋለሁ፤ ማንም አልሰማኝም።»

ለቅጽበት ከፍቼ ክፍተቱን በጨርቅ ጠቀጠቅኩ፣ ዘጋሁ፣ በራሴ ቋጠሮ አሰርኩ። ከዚያ ሰዉ ያለውን አመጣ፤ ካፖርት፣ ሹራብ፣ የሕፃን ብርድ ልብስ፣ የረዳቱ ጃኬት ሳይቀር። ጨርቅ ነጋዴዋ በላዩ ላይ ነጭ አቡጀዲ አሥር ጊዜ አዞረችበት። የሠርግ ስጦታ መሰለ። አውቶቡሱ ሥር ጥላ ስለነበረ እዚያ አስገባነውና ሁለት ሰው ተራ እየገባ ጠበቀው። ቅድም ምን ዓይነት አንጀት ነው ያለችኝ ሴትዮ አንድ ሰው ሲጠጋ፣ «ራቅ በል! አይነካም!» ስትል ሰማኋት።

ዘጠኝ ሰዓት አለፍ ሲል የጭነት መኪና ቆመልን፤ ትርፍ የራዲያተር ጎማና ሁለት ጀሪካን ውሃ ነበረው። ሾፌራችን ከተነሳ በኋላ ስለ ዕንቁላል አላወራም። ነዳው። ከተማ ስንገባ መናኸሪያውን በግራ በኩል ትቶ አለፈ። አንድ ሰው እንኳ ወዴት ነው አላለም። ሆስፒታሉ በር ላይ ሲያቆም አሥራ አንድ ሰዓት ከአርባ ነበር። «ሂጂ!» አሉኝ ሁሉም በአንድ አፍ። ጨርቄን መልሺ ያለኝ የለም።

በሩ ላይ ዘበኛው እጁን ዘረጋ። «የመጠየቂያ ሰዓት አልቋል።»

«ልጠይቅ አይደለም የመጣሁት፤ ላጠጣ ነው።»

«ይሄ ምንድነው? ፈትተሽ አሳዪኝ።»

እንደዚያ ቀን አምርሬ አላውቅም። «ወንድሜ» አልኩት፣ «ይሄን ነገር ዛሬ ቀኑን ሙሉ ሃያ ምናምን ሰው ሲጠብቀው ውሏል። እዚህ ፀሐይ ላይ አይፈታም። ካላመንከኝ በአንደኛው እጀታ ያዝና ተከተለኝ፤ አልጋቸው ጋ ስከፍተው ታየዋለህ።» ፊቴን አየ፣ ሰዓቱን አየ፣ ከዚያ እጀታውን ያዘ። ሦስት ፎቅ ደረጃ እየሮጥን ወጣን።

አማቴ የመስኮቱ ዳር አልጋ ላይ ናቸው። እኚያ በር የሚሞሉ ሴትዮ አንሶላው ሥር የልጅ ያህል ሆነዋል፤ አንገታቸው በፋሻ ተጠቅልሏል። አላለቀስኩም ብል መዋሸት ነው። ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት አዩ፣ እኔን ከእግር እስከ ራስ አዩኝና አጠገባቸው ያለውን ደብተር ስበው ጻፉ። የባሌ እህት አነበበችልኝ፤ «ዘገየሽ።»

እሰይ አልኩ በሆዴ። ገና አሉ።

አቡጀዲውን ስፈታ ሐኪሙ ከነርሷ ጋር ገባ። የሚያየውን ነገር አላመነም፤ ካፖርት ይወጣል፣ ሹራብ ይወጣል፣ ብርድ ልብስ ይወጣል። ቋጠሮዬን ፈታሁ። ክዳኑን ሳነሳ ፊቴን ብርድ መታኝ። የመጨረሻው በረዶ ዕንቁላል አክሎ ቀርቷል፤ የማንጎው ጠርሙስ ግን ስይዘው ጣቴን ቆረጠመኝ። «ውይ፣ ይቀዘቅዛል!» አለ ዘበኛው፤ እሱም ሳያስበው እጁን ሰዶ ነክቶት ኖሯል። ዛሬ ብቻ አልተቆጣሁም።

ቀዳሁና በማንኪያ አቀረብኩላቸው። አፋቸውን ከፈቱ። አሥር ቀን የተዘጋ አፍ ተከፈተ። ግን ያዙት እንጂ አልዋጡትም፤ ዓይናቸውን ጨፍነው ቆዩ። «አገጭዎን ዝቅ አድርገው፣ ቀስ ብለው» አላቸው ሐኪሙ። አገጫቸውን ዝቅ አደረጉ። ፊታቸው በሥቃይ ተጨማደደ፣ እጃቸው ክንዴን ጨምድዶ ያዘ፣ ከዚያ ፋሻው ሥር ጉሮሯቸው ወደ ላይ ወጥቶ ወረደ።

ዋጡት!

ሁለተኛውን ማንኪያ ሳላቀርብ አፋቸውን ከፍተው ጠበቁኝ። ሩብ ሰዓት ያህል ፈጀብን። ብርጭቆው ባዶ ሲሆን ሐኪሙ አንስቶ ወደ ብርሃኑ አየውና፣ «የነገው ቀዶ ሕክምና ቀርቷል» አለ። የባሌ እህት ግድግዳውን ተደግፋ ተንሰቀሰቀች።

አማቴ ክንዴን ለቀው ደብተራቸውን ያዙ። «ልታመሰግንሽ ነው» አለችኝ የባሌ እህት በሹክሹክታ። እርሳሱ ቀስ እያለ ሄደ። ጽፈው ጨረሱና ደብተሩን ራሳቸው ወደ እኔ አዞሩት።

«ስኳር በዝቷል።»

አነበብኩት። ደግሜ አነበብኩት። የሃያ ዓመት መልስ ምላሴ ጫፍ ላይ መጣ፤ አንዲት ፍሬ ስኳር እንኳ የለበትም እኮ እማማ፣ ልል አፌን ከፈትኩ። እሳቸው ግን ደብተሩን መልሰው ወስደው ከሥሩ አንዲት ቃል ጨመሩና ባዶውን ብርጭቆ ዘረጉልኝ።

«ድገሚኝ።»

አፌን መልሼ ዘጋሁና ደገምኩላቸው።